የአንድ ባለወፍጮን ሕይወት ከአካባቢ መዛግብት አሰባስቦ ማወቅ፦ የስኒንተኑን ጆርጅ ግሪንን እንደ ምሳሌ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እህል እየፈጨ የኖረ ሰው በአብዛኛው ደብዳቤም ማስታወሻም ትቶ አላለፈም። ይሁን እንጂ ክርስትና ሲነሳ፣ ሲያገባ፣ ግብር ሲከፍል፣ ለወፍጮው የእሳት መድን ሲገባ፣ ዕዳ ሲይዘው፣ ሲሞትና ንብረቱ ሲከፋፈል አንድ ጸሐፊ ስሙን በአንድ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ይህ መመሪያ እነዚያን የተበታተኑ መስመሮች እንዴት ፈልጎ ማግኘት፣ እንዴት ማንበብና እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያስረዳል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እርስዎም ማስታወሻ ሲይዙ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይገልብጡ እንጂ ወደ እኛ አቆጣጠር አይቀይሩ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንድ ጊዜ ከተደባለቀ በኋላ ማጥራቱ አድካሚ ነውና።

በምሳሌነት የመረጥኩት በኖቲንግሃም ከተማ አጠገብ በምትገኘው በስኒንተን የንፋስ ወፍጮ የነበረውን ጆርጅ ግሪንን ነው። ዓለም የሚያውቀው በሒሳብ ሊቅነቱ ሲሆን፣ በ1993 በለንደኑ የዌስትሚንስተር ገዳም የመታሰቢያ ጽሑፍ ተቀምጦለታል። በሕይወት ሳለ ግን ጎረቤቶቹ የሚያውቁት የዳቦ ጋጋሪ ልጅና ባለወፍጮ መሆኑን ነበር። በልጅነቱ ትምህርት ቤት የቆየው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ መልኩን የሚያሳይ ሥዕልም አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ ስለ እርሱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው የአጥቢያ፣ የከተማና የአውራጃ መዛግብትን በትዕግሥት ካገላበጡ ሰዎች ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ ስሙን ማንም ለማያውቀው ባለወፍጮም በእኩል ያገለግላል።

ከሰውየው በፊት ወፍጮውን ይያዙ

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በስም ፍለጋ በመጀመራቸው ነው። በእኛ ልማድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ የግል ስም በመሆኑ ትውልድ በተሻገረ ቁጥር ስሙ ይለወጣል፤ በእንግሊዝ ግን የቤተሰቡ ስም ሳይለወጥ ይወርዳል፣ የግል ስምም ከአባት ወደ ልጅ ይደገማል። የግሪን አባት ጆርጅ ግሪን ነው፤ ልጁ ጆርጅ ግሪን ነው፤ የልጅ ልጁም ጆርጅ ይባላል። በ1820ዎቹ የተጻፈ ወረቀት ላይ «ጆርጅ ግሪን፣ ስኒንተን» የሚል ቢያገኙ የትኛው እንደሆነ ስሙ ብቻውን አይነግርዎትም። ወፍጮው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ባለቤቱ፣ ተከራዩና ሠራተኛው ሁሉ የሚያልፉት በእርሱ ደጃፍ ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ለወፍጮው አንድ ገጽ መክፈት ነው። የት እንደቆመ፣ በውሃ ወይስ በንፋስ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደተከራየውና መቼ ሥራ እንዳቆመ በየመስመሩ ያስፍሩ፤ በእያንዳንዱ መስመር ጎንም መረጃው ከየት እንደተገኘ ይጻፉ። ለስኒንተኑ ወፍጮ ይህ ገጽ የሚጀምረው በ1807 ነው፤ አባትየው ጋጋሪው ግሪን ባለ አምስት ፎቅ የጡብ ማማ ያሠሩት በዚያ ዓመት ነበር። ልጁ በ1793 ስለተወለደ ወፍጮው ሲቆም የ14 ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ አንድ ነገር ያስተምራል፦ ልጁ የወፍጮ ሥራን የተማረው ከአዲስ ማማ ጋር አብሮ እያደገ ነው።

ቦታውን ለማግኘት ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በትልቅ መስፈርት የተነሱትን የመንግሥት የቅየሳ ካርታዎች ይጠቀሙ፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ የእንግሊዝንም ጭምር በነፃ ያሳያል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ የንፋስ ወፍጮና የዱቄት ወፍጮ በስማቸው ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሥራ ያቆመ ከሆነም ብዙ ጊዜ ይኸው ይጠቀሳል። የሁለት ዘመን ካርታዎችን ሲያነጻጽሩ ወፍጮው ሥራ ያቆመበትን ጊዜ በግምት ያገኙታል።

ከካርታው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ቦታው በዚያን ጊዜ በማን አስተዳደር ሥር ነበር የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አሰልቺ ቢመስልም ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚቆጥበው እርሱ ነው። ስኒንተን ዛሬ የኖቲንግሃም ሰፈር ብትሆንም ወደ ከተማዋ የተጠቃለለችው በ1877 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የስኒንተን ባለወፍጮ በከተማው ምክር ቤት መዝገብ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ወራት ያባክናል፤ ወረቀቱ ያለው በአውራጃው መዝገብ ነውና። አባትየው ግን ወደ ስኒንተን ከመሄዳቸው በፊት በከተማው ውስጥ የዳቦ መጋገሪያ ስለነበራቸው፣ ለእርሳቸው የከተማውም የአውራጃውም መዛግብት መታየት አለባቸው።

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት

የእንግሊዝ አጥቢያዎች ከ1538 ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ ታዝዘዋል። ለ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመራማሪ ግን ወሳኙ ዓመት 1813 ነው። ከዚያ በፊት ጸሐፊው እንደ ፍላጎቱ ባዶ ወረቀት ላይ ይጽፍ ስለነበር ብዙ ጊዜ የልጁንና የወላጆቹን ስም ከመጻፍ አያልፍም፤ ግሪን ጁላይ 14 ቀን 1793 በኖቲንግሃም ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ የነበረው ሥርዓት ይህ ነው። ከ1813 ጀምሮ ግን በሕግ የታዘዘ የታተመ ቅጽ መጣ፤ በቅጹ ላይ የመኖሪያ ቦታና የአባት ሥራ የሚሞላበት ዓምድ አለ። አንድ ባለወፍጮ ሰባት ልጆች ቢያስጠምቅ ሥራው ሰባት ጊዜ ተጽፏል ማለት ነው። በመጀመሪያው ልጅ ጥምቀት «ሠራተኛ»፣ በሦስተኛው «ባለወፍጮ»፣ በስድስተኛው «ባለወፍጮና ጋጋሪ» ተብሎ ካገኙት፣ ምንም ማስታወሻ ያልተወ ሰው የኑሮ ዕድገቱን ራሱ ያስጻፈ ያህል ነው።

ግሪን በዚህ ላይ አንድ ከባድ ትምህርት ይሰጠናል። ከጄን ስሚዝ ሰባት ልጆች ወልዷል፤ ጄን የአባትየው የወፍጮ ኃላፊ ልጅ ነበረች። ሁለቱ ግን በሕግ አልተጋቡም። በጋብቻ መዝገብ ብቻ የሚተማመን ተመራማሪ ግሪንን ላጤ ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የባለወፍጮዎን ጋብቻ ሲያጡ ወዲያውኑ «አላገባም፣ ልጅ የለውም» ብለው አይደምድሙ፤ በአጥቢያው ውስጥ በእናት ስም ብቻ የተጠመቁ ልጆችን ይመልከቱ፣ የእናቲቱን ስም ከወፍጮው ሠራተኞች ስም ጋር ያስተያዩ፣ የአጥቢያውን የድኾች መርጃ ወረቀቶችም ይፈትሹ፤ አጥቢያው ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ሸክም እንዳይሆንበት አባቱን አፈላልጎ ቀለብ ያስቆርጥ ነበርና። ጥንዶቹ ለምን እንዳልተጋቡ ግን የጥምቀት መዝገብ አይመልስም። በኋላ ሰዎች የሰጡትን ምክንያት ከመዝገቡ ቃል ለይተው በሌላ ቀለም ይጻፉት።

ጋብቻ ሲያገኙ ፊርማውን ሳያዩ አይለፉ። ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮቹና ምስክሮቹ ይፈርሙ ነበር፤ መጻፍ የማይችል የመስቀል ምልክት ያደርጋል። የባለወፍጮዎን የእጅ ጽሑፍ የሚያዩበት ብቸኛው ቦታ ይህ ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ ወንድም፣ እህት ወይም የሥራ ባልደረባ ናቸው።

ከ1837 በኋላ፦ የመንግሥት ምዝገባና የሕዝብ ቆጠራ

በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ከሦስቱ ለእኛ ሥራ የሚበልጠው የሞት ምስክር ወረቀት ነው፤ ዕድሜን፣ ሥራን፣ የሞትን ምክንያትና ሞቱን ያስመዘገበውን ሰው ስም ይዟል። አስመዝጋቢው ማን እንደሆነ ያጣሩ፤ ብዙ ጊዜ በሰውየው የመጨረሻ ሰዓት አጠገቡ የነበረ ሰው ነው።

የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ከ1801 ጀምሮ ቢካሄድም፣ በመላ አገሪቱ የእያንዳንዱ ነዋሪ ስም ተመዝግቦ የተጠበቀልን ከ1841 ወዲህ ነው። የ1841ዱ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎችን ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ያጠጋጋል፤ የ39 ዓመት ሰው 35 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የ1851ዱ ግን ትክክለኛ ዕድሜን፣ የተወለዱበትን አጥቢያና ከቤቱ አባወራ ጋር ያላቸውን ዝምድና ይጨምራል፤ አሠሪ የሆነ ባለወፍጮ ስንት ሰው እንደሚያሠራም ብዙ ጊዜ ይጠቅሳል። በእንግሊዝኛው «ባለወፍጮ» የሚለው ቃል የወፍጮውን ባለቤት፣ ተከራዩንና የቀን ደሞዝተኛውን ሁሉ ያጠቃልላልና፣ ጌታና ሎሌን የሚለየው ይህ የሠራተኞች ቁጥር ነው።

ግሪን የሞተው ሜይ 31 ቀን 1841 ነው። ቆጠራው የተካሄደው ጁን 6 ነው። በስድስት ቀን ልዩነት ስሙ ሳይጻፍ ቀረ። በቆጠራ ውስጥ እርሱን መፈለግ ከንቱ ሲሆን፣ ጄንንና ልጆቹን መፈለግ ግን ፍሬ አለው፤ ሲፈልጉም በስሚዝም በግሪንም ስም መሞከር ያስፈልጋል። የእርስዎም ሰው ከቆጠራ ሲጠፋ መጀመሪያ የቆጠራውን ትክክለኛ ቀን አጥርተው ከሞቱ ቀን ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስሙ ተሳስቶ ተጽፎ ይሆናል ብሎ ማሰብ የሚገባው።

ርስት፣ ግብርና ኑዛዜ

ከ1780 እስከ 1832 ባለው ጊዜ የመሬት ግብር ዝርዝር በየዓመቱ ይዘጋጅ የነበረ ሲሆን በብዙ አውራጃዎች ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል። በአንድ ዓምድ ባለቤቱ፣ በሌላው የያዘው ሰው ይጻፋል። ዝርዝሩን ዓመት በዓመት እየተከተሉ ይቅዱ፤ የያዘው ሰው ስም በድንገት የተለወጠበት ዓመት ሞት፣ ኪራይ ወይም ኪሳራ የገባበት ዓመት ነው፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ጋዜጣ መፈተሽ ይኖርብዎታል። ከ1836 በኋላ ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው አሥራት በገንዘብ እንዲተመን በመታወጁ የአሥራት ካርታዎች ተነሱ፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ መሬት ባለቤት፣ ያዥ፣ ስምና አጠቃቀም ያሳያሉ። አሥራታቸው ቀደም ብሎ የጋራ መሬት ለግል ባለቤቶች በተከፋፈለ ጊዜ የተቋረጠላቸው አጥቢያዎች ግን ይህ ካርታ የላቸውም፤ የክፍፍሉን ሰነድ ይጠይቁ።

ኑዛዜ ከጃንዋሪ 12 ቀን 1858 በፊት የሚጸድቀው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ሲሆን ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ነው። ከ1858 በፊት ላለው የትኛው ሀገረ ስብከት እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው። የኖቲንግሃም አውራጃ እስከ 1837 በዮርክ ሥር ነበረ፤ በዚያ ዓመት ወደ ሊንከን ተዛወረ። አባትየው በ1829፣ ልጁ በ1841 ስለሞቱ የአባትና የልጅ ኑዛዜ ፍለጋ በሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ንብረት የነበራቸው ሰዎች ኑዛዜ ወደ ካንተርበሪ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄድ ስለነበር፣ የዚያን ቅጂ በኪው የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይዞታል። ኑዛዜውን ሲያነቡ ገንዘቡን ብቻ አይቁጠሩ፤ ወፍጮው ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደተላለፈ፣ ማን እንደተረሳና ባለአደራ ሆነው የተመረጡት እነማን እንደሆኑ ያስተውሉ። ባለአደራ የሚሆነው ሟቹ ከልቡ ያመነው ሰው ነው።

ጋዜጣና ሌሎች ወረቀቶች

እኔ ከሁሉም ምንጮች አብልጬ የምወደው በአካባቢ ጋዜጣ ላይ የወጣ የወፍጮ ሽያጭ ወይም ኪራይ ማስታወቂያን ነው፤ ምክንያቱም የወፍጮውን ሆድ ዕቃ ከፍቶ ያሳያል። ማስታወቂያው ስንት ጥንድ ድንጋይ እንዳለውና የድንጋዮቹን ዓይነት ይዘረዝራል። «የፈረንሳይ ድንጋይ» የሚለው ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ከሚገኝ አካባቢ የሚመጣ፣ ቁርጥራጩ በጄሶ ተያይዞ በብረት ቀለበት የሚታሰር ጠንካራ ድንጋይ ሲሆን፣ ነጭ የስንዴ ዱቄት ለማውጣት የሚመረጠው እርሱ ነበር። ከኖቲንግሃም ብዙም ሳይርቅ ከደርቢሺር ተራሮች የሚቆረጠው ግራጫ ድንጋይ ደግሞ ለገብስና ለከብት መኖ ይውላል። ስለዚህ «ሁለት ጥንድ ፈረንሳይ፣ አንድ ጥንድ ግራጫ» የሚል አንድ መስመር፣ ያ ሰው በዋናነት ለዳቦ ጋጋሪዎች እየፈጨ በጎን ለገበሬዎች መኖ ያዘጋጅ እንደነበር ይናገራል። በእኛ አገር ድንጋዩ ሲለሰልስ ወፍጮ ይወቀራል እንደሚባለው ሁሉ፣ እነዚያም ድንጋዮች ላያቸው በየጊዜው መወቀር ነበረባቸው፤ በቆጠራ ውስጥ ከወፍጮው አጠገብ የድንጋይ ወቃሪ የሚኖር ከሆነ ግንኙነቱን ይፈትሹ። የክንፎቹም ዓይነት ይጠቀሳል፤ ሸራ የሚለብሱት ክንፎች በእጅ የሚታጠፉና የሚዘረጉ ስለነበሩ ለባለወፍጮው አድካሚ ነበሩ፤ በ1807 የባለቤትነት መብት ያገኙት ባለ መዝጊያ ክንፎች ግን ወፍጮውን ሳያቆሙ የሚስተካከሉ በመሆናቸው፣ እነርሱን ያስገባ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ሥራውን ያዘመነ ነው።

የኪሳራ ማስታወቂያዎች በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ በለንደን ጋዜት ይወጡ ነበር፤ ይህን ጋዜጣ በኢንተርኔት በነፃ መፈለግ ይቻላል። ኪሳራ ሲያገኙ ሰውየውን በስንፍና ከመውቀስዎ በፊት ዘመኑን ያስቡ። የውጭ እህልን የሚገድበው ሕግ በ1846 ሲሻር ገበያው ተለወጠ፤ ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በወደብ ከተሞች የተተከሉ በድንጋይ ፋንታ በሚሽከረከሩ የብረት ጥቅሎች የሚፈጩ ትልልቅ ፋብሪካዎች የገጠሩን የድንጋይ ወፍጮ ከስንዴ ሥራ አስወጡት።

የሥርዓት አልበኝነት ዜናም ሊዘለል አይገባም፤ ዳቦ ሲወደድ የሕዝቡ ቁጣ የሚያርፈው በጋጋሪውና በባለወፍጮው ላይ ነበርና። በ1800 በኖቲንግሃም የዳቦ ረብሻ በተነሳ ጊዜ የግሪን አባት መጋገሪያ ጉዳት ደርሶበታል። የረብሻ ቀኖችን ከከተማው ታሪክ አውጥተው በእነዚያ ሳምንታት ጋዜጣና የዳኞች መዝገብ ውስጥ የሰውዎን ስም ይፈልጉ።

የእሳት መድን ኩባንያዎች መዝገብ የወፍጮውን፣ የዕቃውንና የእህሉን ግምት ለየብቻ ይሰጣል፤ የታወቀው የሰን መድን ድርጅት መዛግብት በለንደን ከተማ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የንግድ ማውጫዎች፣ ለምሳሌ በ1832 የታተመው የኖቲንግሃም አውራጃ የዋይት ማውጫ፣ ነጋዴዎችን በሥራ ከፍለው ይዘረዝራሉ፤ ነገር ግን መረጃው ከኅትመቱ በፊት የተሰበሰበ መሆኑን አይርሱ። በ1872 ድምፅ አሰጣጥ ምስጢራዊ እስኪሆን ድረስ ማን ለማን እንደመረጠ በመጽሐፍ ይታተም ነበር፤ ለመምረጥ የሚበቃ ንብረት የነበረው ባለወፍጮ የፖለቲካ አቋሙ በዚያ ላይ ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የማኅበራትን መዝገብ መዘንጋት ትልቅ ጥፋት ነው። ግሪን በ1823 አባላት መዋጮ እየከፈሉ የሚጠቀሙበት የኖቲንግሃም የደንበኞች ቤተ መጻሕፍት አባል ሆነ። በ1828 ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት የጻፈውን የሒሳብ ድርሳን ሲያሳትም፣ ቀድመው ገንዘብ የከፈሉት 50 ያህል ሰዎች ስማቸው በመጽሐፉ ላይ ታትሟል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዚያው ቤተ መጻሕፍት አባላት ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ዱቄት የለበሰ ሰው ማታ ማታ ከእነማን ጋር ይውል እንደነበር የሚያሳየን ይህ የአባላት ዝርዝር እንጂ የግብር መዝገብ አይደለም። የሰውዎን ስም በአጥቢያው የመረዳጃ ማኅበር፣ በጸሎት ቤት፣ በንባብ ክበብ መዝገብ ውስጥ ይፈልጉ።

ወረቀቶቹን ማገናኘት

ያገኙትን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል በአንድ ሰንጠረዥ ያስገቡ፤ ለእያንዳንዱ መስመር ቀኑን፣ የመዝገቡን ስምና ቁጥር፣ ቃሉን እንዳለ፣ በመጨረሻም የእርስዎን ግምት በተለየ ዓምድ ይጻፉ። ሁለት መዛግብት ሲጋጩ አንዱን አይሰርዙ፤ የትኛው ለድርጊቱ በጊዜም በቦታም እንደሚቀርብ ይመዝኑ። ሥራው የተጠራበት ስም ሲለዋወጥም አይደናገጡ። ግሪን በ1833 በ40 ዓመቱ ካምብሪጅ ሲገባ ወፍጮውን አከራይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወፍጮው የሚገኘው ሰው ተከራዩ እንጂ እርሱ አይደለም።

በቤተ መዛግብት ውስጥ ጥያቄዎን አጥብበው ያቅርቡ። «ስለ አያቴ ምን አላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ከ1815 እስከ 1830 ያለውን የስኒንተን የመሬት ግብር ዝርዝር ማየት እፈልጋለሁ» ቢሉ ሠራተኛው ወዲያው ይረዳዎታል። ለስኒንተን የኖቲንግሃም አውራጃ ቤተ መዛግብትና የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የእጅ ጽሑፎች ክፍል ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ በሬዲንግ ከተማ ያለው የወፍጮዎች ቤተ መዛግብት ደግሞ ለመላው አገር ያገለግላል። እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ አንባቢዎች እነዚህ ሁሉ በባቡር የሚደረስባቸው ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ቦታው ይሂዱ። የስኒንተኑ ማማ በ1947 ከተቃጠለ በኋላ ለዓመታት ባዶውን ቆሞ፣ በ1980ዎቹ ታድሶ ዛሬ ዱቄት ይፈጫል፤ ደረጃውን ወጥቶ ድንጋዩ ሲዞር የሚሰማውን ንዝረት ያየ ሰው በማስታወቂያ ላይ ያነበበውን ሁሉ በሌላ ዓይን ያነባል። የግሪን መቃብር ከማማው ጥቂት እርምጃ ርቆ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። የመቃብር ድንጋይ ሲያገኙ የጎን ብርሃን በሚያርፍበት ሰዓት ፎቶ ያንሱ፣ ጽሑፉን ከነስህተቱ ይገልብጡ፤ ቀኑ ከቀብር መዝገቡ ጋር ካልተስማማም ሁለቱንም በሰንጠረዡ ላይ በየራሳቸው መስመር ያስፍሩ።